ከባነሩ በፊት

የለንደኑ ሂትሮው ኤርፖርት አምስተኛ ተርሚናል 4.3 ቢሊዮን ፓውንድ ወጥቶበት በተያዘለት ጊዜና በጀት ተጠናቀቀ፤ ንግሥት ኤልሳቤጥም መረቁት። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 2008፣ መንገደኛ መቀበል በጀመረበት ማለዳ ግን የሻንጣ ሠራተኞቹ መኪናቸውን የት እንደሚያቆሙ ግራ ገባቸው። አቁመው የመጡትን የፍተሻ ሰልፍ ያዛቸው። ከዚያ አልፈው ሥራ ቦታቸው ከደረሱትም አንዳንዶቹን ኮምፒውተሩ አላስገባ አለ። እነሱ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ሻንጣው ተከመረ። በቀጣዮቹ ቀናት ከ500 በላይ በረራዎች ተሰረዙ።

በሶፍትዌሩም በኩል ጉድለት ነበር፤ ለሙከራ ጊዜ የተገጠመ ማጣሪያ ሳይነሳ ቀርቶ እውነተኛ የሻንጣ መረጃ ሲያግድ ቆይቷል። የእንግሊዝ ፓርላማ የትራንስፖርት ኮሚቴ ግን በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት፣ የኤርፖርቱ ባለቤትና ብሪቲሽ ኤርዌይስ በቅጡ ተዘጋጅተውና ተቀናጅተው ቢሠሩ ኖሮ አብዛኛውን ችግር ማስቀረት ይቻል እንደነበር ገልጿል።

ለኮሙኒኬሽን ባለሙያ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ ማግኘት ይከብዳል። በብዙ መሥሪያ ቤት የኮሙኒኬሽን ዕቅድ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ባነር፣ ብሮሸርና የማስጀመሪያ መድረክ ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ ከሌላ ቦታ ይነሳል፦ ሥራው በሚጀመርበት ጠዋት ማን፣ ምን ነገር ከትናንቱ ለየት አድርጎ ይሠራል?

የደመወዝ ክፍያውን ከወረቀት ወደ ሶፍትዌር የሚያዞር መሥሪያ ቤት እንውሰድ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ለውጡ ለምን እንዳስፈለገ ይናገራሉ፤ ይህን ከእሳቸው በቀር ሌላ ሰው ቢናገረው ክብደት አያገኝም። ገንዘብ ያዧ ግን የምትፈልገው ሌላ ነው። የይለፍ ቃሏን ከማን ትቀበላለች? ሲስተሙ በደመወዝ ቀን ቢቋረጥ ማን ጋ ትደውላለች? አሮጌው መዝገብ እስከ መቼ ጎን ለጎን ይሠራል? ይህን መስማት ያለባት ከቅርብ አለቃዋ ነው። የለውጥ አመራርን የሚያጠናው ፕሮሳይ የተባለው ተቋምም ሠራተኞች የግል ሥራቸውን የሚነካውን ጉዳይ ከቅርብ ኃላፊያቸው መስማት እንደሚመርጡ በተደጋጋሚ አረጋግጧል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መሰልጠን ያለባቸው የቡድን መሪዎቹ ናቸው። ሠራተኛ ጠይቋቸው መልስ ካጡ ወሬው በሻይ ሰዓት መሥሪያ ቤቱን ያዳርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ የሚያምን አይኖርም።

ሰርኩላር መበተኑም መልእክቱ ለመድረሱ ማስረጃ አይሆንም። ዕቅድ እያዘጋጃችሁ ያላችሁ ባለሙያዎች፣ ሥራው ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ወደ ጥበቃው፣ ወደ መዝገብ ቤቷ ሠራተኛና ወደ ሾፌሩ ሂዱና “ሰኞ ጠዋት ምን ታደርጋላችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ። መልሳቸው ከዕቅዱ ካልገጠመ የማስጀመሪያውን ቀን ለማራዘም አታመንቱ።