ቀማሽ የሌለው ሥልጠና

ጅማ መንደራ ቆጪ የሚገኘው የእናቴ ቤት በር ስላረጀ ባለፈው ክረምት ላስቀይረው ተነሣሁ። አናጺ ባጠያይቅ አንድ የሰፈር ወጣት ጠቆሙኝ። ከቴክኒክና ሙያ ማሰልጠኛ በእንጨት ሥራ ተመርቋል፤ የብቃት ምዘናውንም አልፏል። የምስክር ወረቀቱን በላስቲክ አስለብሶ ይዞልኝ መጣ። መቼም ዕድሜውን ሙሉ ወረቀት ሲያርም የኖረ ሰው ወረቀት ይወዳል፤ ማኅተሙንም ፊርማውንም አይቼ ደስ አለኝና ቀብድ ሰጠሁት።

በአራተኛው ቀን በሩ ተገጠመ፤ ግን አልዘጋ አለ። ከላይ መቃኑን ይነክሳል፣ ከታች ድመት ያሾልካል። ልጁ ማጠፊያውን ይፈታል፣ ይመልሳል፣ እንደገና ይፈታል። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። በመጨረሻ መዶሻውን አስቀመጠና፣

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ከዚህ በፊት በር ገጥሜ አላውቅም» አለኝ።

«ታዲያ ምን ተማርክ?»

«በር እንኳን ተምረናል። አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ ስሎልናል።»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን አፈርኩ። ልጁ እየቀለደ አልነበረም። ማሽኑ አንድ ለአርባ ነበር አለኝ፤ እሱም ሲሠራ ካየው ሳይሠራ ያየው ይበልጣል። እንጨት የሚገዛው በጀት ሲለቀቅ ነው። ለምዘናው ደግሞ የሚመጣው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ስለሚወራ ሁሉም አንዲት ወንበር ደጋግመው ሠርተው ገቡ፤ ያችኑ ሠርተው ወጡ።

ጎረቤት ያሉ አንድ ሽማግሌ አናጺ ጠራሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ሰው ናቸው። በሩን ነካ ሳያደርጉት ከኪሳቸው ቱምቢ አውጥተው መቃኑ ላይ አንጠለጠሉና ዝም ብለው አዩት። «ልጄ» አሉኝ፣ «በሩ ምንም አልሆነም። የዘመመው መቃኑ ነው።»

ልጁ ሰነፍ ነው ብዬ ጨዋታውን እዚህ ላይ ብቋጨው ይቀለኝ ነበር። ግን የሽማግሌው ነገር እምቢ ብሎኝ ሰነበተ። እኛስ በሩን እየወቀስን መቃኑን ሳናይ የቀረነው ስንት ጊዜ ነው?

እስቲ መቃኑን እንየው። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በአገራችን በስፋት መዳረስ የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ ደግሞ ሥልጠናው የገበያውን ፍላጎት ይከተል፣ ሠልጣኙም ስንት ዓመት ተማረ ሳይሆን ምን መሥራት ይችላል ተብሎ ይመዘን አለ። ሰባ በመቶው ተግባር፣ ሠላሳ በመቶው ንድፈ ሐሳብ የሚለውን ቀመር የማያውቅ የለም። በ2014 ዓ.ም. ነገሩ ከፍ ብሎ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተቋቋመ። ሰነዱን እንደ ድርሰት ብታርሙት እምብዛም ስሕተት አይወጣለትም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ግን ተማሪዎቼን «ደራሲው ሊጽፍ ያሰበውን ሳይሆን የጻፈውን መዝኑ» እላቸው ነበር። ሥልጠናውንም በዚሁ ሚዛን ማየት ይገባል። የታሰበው ባለሙያ ነበር፤ እናቴ ደጃፍ የደረሰው ግን በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ነው።

ሥልጠና ሲሠራ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጅማ አጋሮ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የዚህ አካባቢ ቡና በዓለም ገበያ ለረጅም ዘመን የሚታወቀው «ጅማ አምስት» በሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ ነበር። ቀዩ ከአረንጓዴው ጋር ተሸምጥጦ ይለቀማል፣ መሬት ላይ ይሰጣል፤ ሲጠጣ አፈር አፈር ይላል። ገዢውም የአፈር ዋጋ ይሰጠዋል። «የጅማ ቡና ተፈጥሮው ነው» ተብሎ ተደምድሞ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2010 በአጋሮ አካባቢ ገበሬዎች ዱሮሚና የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ቴክኖሰርቭ የተባለ ግብረ ሰናይ ድርጅት አማካሪ መደበላቸው። የተማሩት ሲያዩት ቀላል ነው፤ ቀዩን እሸት ብቻ መልቀም፣ በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል፣ አብላልቶ ማጠብ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን መለየት፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ እያገላበጡ ማድረቅ። እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ ቡናዎች የቅምሻ ውድድር ላይ ዓለም አቀፍ ዳኞች የዱሮሚናን ቡና አንደኛ አሉት። ሁለት ዓመት ብቻ! ዛፉም ዝናቡም ያው የድሮው ነበር፤ የተለወጠው የሰዉ አሠራር ነው።

«ብድርና መፈልፈያ ያገኘ፣ ገዢ የተፈለገለት ማን ያቅተዋል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ሥልጠና ብቻውን እንጀራ አይሆንም። መሣሪያው፣ ገንዘቡና ገዢው አብረውት ሲቆሙ ግን የአካባቢን ስም ይለውጣል። የዱሮሚና ገበሬ የተማረውን በማግስቱ በራሱ እሸት ላይ ሠርቶታል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀማሽ ነበረው። ቡና ቀማሽ በማንኪያ ፉት አድርጎ፣ አፉ ውስጥ አንከባልሎ ይተፋና ነጥብ ይሰጣል። የገበሬውን የምስክር ወረቀት አይጠይቅም። አጥቦ ያልጨረሰ፣ ቸኩሎ ያደረቀ፣ ጥፋቱ በዋጋ ቅናሽ እቤቱ ድረስ ይመጣለታል፤ ለከርሞ ያርማል። የማሰልጠኛዎቻችን ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል። ስንት ገባ፣ ስንት ተመረቀ፣ ስንት ምዘና አለፈ ተብሎ ይቆጠራል፤ ሪፖርቱም በጭብጨባ ይጸድቃል። በሩ ዘጋ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የአገራችን ሰው «ሙያ በልብ ነው» ይል ነበር፤ ዛሬ ሙያ በፋይል ሆኗል።

የበላይ ኃላፊዎችን ብቻ ብወቅስ ደግሞ ራሴን ነጻ ማውጣት ይሆንብኛል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምተን አዝነናል። የቀሩትን ልጆቻችንን ምን አልናቸው? «በቃ፣ ሙያ ግቡ!» ልክ እንደ ቅጣት። እኔ ራሴ ከመምህርነት ዘመኔ የማስታውሰው አንድ ተማሪ አለ። ድርሰት መጻፍ ቢያቅተው በክፍሉ ፊት «አንተስ አናጺ ብትሆን ይሻልሃል» ብዬዋለሁ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አናጺ ለመሆን ከድርሰት ያላነሰ አእምሮ እንደሚያስፈልግ ቱምቢ እስካይ ድረስ አልገባኝም ነበር።

ንቀቱ የቆየ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገር ያስፈለጋቸው ስድቡ ስለበዛ ነው። ስድቡ በአደባባይ ቀረ እንጂ ከልባችን አልወጣም። በሌላው ዓለም ምን እንደተደረገ ብናይ ደግሞ፣ ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1977 ኡትሬክት ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሙያ ውድድር አንደኛ ስትወጣ፣ አሸናፊዎቹ ወጣት ሠራተኞች ሲመለሱ በሰልፍ ነበር አቀባበል የተደረገላቸው፤ እኛ ሯጮቻችንን እንደምንቀበለው። የብየዳና የአናጺነት ሜዳሊያ ያመጣ ልጅ በቦሌ ቢገባ ስንቶቻችን ልንቀበለው እንወጣለን?

እንግዲህ ከተጠያቂዎቹ የምፈልገው ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ ማሰልጠኛ በየዓመቱ አንድ ቁጥር ይለጥፍልን፤ ከአምና ተመራቂዎች ውስጥ ዘንድሮ በተማረበት ሙያ እንጀራ የሚበላው ስንት ነው? በምዘናው ጠረጴዛ ላይም ያን ሙያ ከፍሎ የሚያሠራ ሰው ይቀመጥ። እንደ እኛ ሰፈር ሽማግሌ ያሉትን ደግሞ ለመመረቂያ ቀን የክብር እንግዳ ሳይሆን በደመወዝ አስተማሪ አድርጓቸው። ቱምቢያቸው ከእሳቸው ጋር ወደ መቃብር ሳይወርድ።

የልጁን መጨረሻ ሳልነግራችሁ። ሽማግሌው መቃኑን አቅንተው በሩን ሲሰቅሉ አጠገባቸው ቆሞ ሲያይ ዋለ። በማግስቱ ያለ ክፍያ ሊያግዛቸው ሄደ፤ እስካሁንም አብሯቸው ነው፤ አሁን ግን ይከፍሉታል። ያን ዕለት ማታ፣ ዕቃውን ሰብስቦ ከመሄዱ በፊት፣ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ ቀብዱን ልመልስልዎት?» ብሎኝ ነበር። አልተቀበልኩትም። ለሥልጠናው በጀት የጻፈው፣ ሪፖርቱን የፈረመው፣ ወረቀቱን ያተመው፣ በክፍል ውስጥ የሳቀው እኔ ጭምር፣ ስንቶቻችን ነበርን። የተቀበልኩትን ልመልስ ያለው ግን እሱ ብቻ ነው።