«ሰባትን» የሙጥኝ

መቼም ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነቀምቴ የገባ የኮምፒዩተር አዋቂ መጀመሪያ የሚያሾፈው በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶቻችን ነው። «አሁንም ዊንዶውስ ሰባት?» ይላል። ጊምቢ ሲደርስ ደግሞ ኤክስፒ ያገኝና ለጓደኞቹ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ ተረቷን ይመዛታል፤ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። የወለጋ ሰው ለውጥ ይፈራል ለማለት ነው።

እኔ አልስማማም። ይኸው ሕዝብ በ1984 ዓ.ም. ኦሮሚኛ በቁቤ ይጻፍ ሲባል ፊደል እስከ መለወጥ ሄዷል። ፊደል የለወጠ ሰው የስክሪን መልክ ተለወጠ ብሎ ይደነግጣል?

ዋጋም አይደለም። ኡቡንቱን የሚያሠራጨው ኩባንያ እ.ኤ.አ. እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን ለጠየቀው ሁሉ በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር። የእኛ ዊንዶውስም ቢሆን ብዙው የተገለበጠ ነው (ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር የለም እንጂ)። ነፃና ነፃ ሲወዳደሩ ሰው የሚመርጠው ሲበላሽ የሚጠራው ሰው ያለውን ነው። አንዲት ጸሐፊ ለምን እንደማትቀይር ብጠይቃት፣ «ጋሼ፣ ይሄኛው ቢቆም የሚያስነሳልኝ ልጅ አለ። አዲሱ ቢቆም ማንን ልጥራ?» አለችኝ። ምን ልመልስላት?

ደግሞ አዲሶቹ ያለ ኢንተርኔት ደስ አይላቸውም። ማይክሮሶፍት ለሰባት የሚሰጠውን መደበኛ ጥገና ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ያን ቀን በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ተዘግቷል፤ የተከፈተው መጋቢት ማብቂያ ላይ ነው። ሦስት ወር ኔት ያላየ ሰው በኔት የሚታደስ ነገር ቢጠራጠር ይፈረድበታል? አዲስ የተባለው ዊንዶውስ አሥርም ቢሆን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ጥገናው አብቅቷል።

ከሁሉ የከበደው ግን የፊደሉ ነገር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ጸሐፊዎቻችን አማርኛውን የሚመቱት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የቀድሞ ፊደሎች ነበር። ያ ፋይል ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የላቲን ሆሄና የምልክት ቅልቅል ይሆናል። በቁቤ የተጻፈው የትም ይነበባል። ለፌዴራል መሥሪያ ቤት የተጻፈው አቤቱታ፣ አዲስ አበባ ካለ ገዢ ጋር የተፈረመው የቡና ውል ግን አማርኛ ነው። ስለዚህ ጥግ ላይ አቧራ የጠጣው ማሽን የከተማው መዝገብ ቤት ነው። ባለቤቱ «አልነካም» ቢል ሞኝ አይደለም።

ታዲያ ሰባት ደህና ነው ማለቴ አይደለም። ቀዳዳውን የሚደፍን የለም፤ ፍላሹ ቫይረስ ተሸክሞ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፤ ሃርድ ዲስኩ የሞተ ቀን ውሉም አቤቱታውም አብሮ ይቀበራል። የምቆጨው ለውጡን የሚያመጡት ሰዎች የሚቆጥሩት ካርቶን ብቻ በመሆኑ ነው። ስንት ኮምፒዩተር ተከፋፈለ ይባላል እንጂ፣ የቆየውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ ለሚያዛውር ሰው በጀት ሲያዝ አላየሁም።

ወለጋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነቀምቴ አለ፤ ከተከፈተ ሁለት አሥርት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ኮምፒዩተር ሳይንስም ያስተምራል። ከተማሪዎቹ ጥቂቶቹ አንድ ክረምት እነዚህ ጽሕፈት ቤቶች ውስጥ ቢቀመጡ ብዙ ፋይል ይተርፋል። መለወጫ ፕሮግራም እንደሆነ አለ፤ የጠፋው ቁጭ ብሎ ገጽ በገጽ የሚያመሳክር ሰው ነው።