ሁለት ዓለም ወይስ አንድ የማዕረግ ሥርዓት? ስለ ማላባር ክርስቲያኖች በተጻፉ ሁለት መጻሕፍት ላይ የቀረበ ሒስ

በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፥ ዛሬ ኬራላ በሚባለው አገር የሚኖሩትና ሃይማኖታችንን ከሐዋርያው ቶማስ ተቀበልን የሚሉት ክርስቲያኖች፥ ብዙ ሃይማኖት ባለበት በእስያ ምድር ተከባብሮ ስለ መኖር በተነገረ ቍጥር በምሳሌነት ይጠቀሳሉ። ይህን ምሳሌነት ካጸኑት መጻሕፍት አንዱ፥ በዚያው አገር ያስተማሩት እንግሊዛዊው ጳጳስ ሌስሊ ብራውን በ1956 ያሳተሙት የእነዚሁ ክርስቲያኖች ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ደራሲው ሥርዓተ አምልኮውንና የኑሮውን ልማድ ቀርበው አይተው ስለ ጻፉ፥ የመጽሐፉ ይህ ክፍል ዛሬም ዋጋው አልቀነሰም።

ፍርዳቸው ግን ሊመረመር ይገባዋል። እንደ ብራውን አስተያየት፥ እነዚህ ክርስቲያኖች በአንድ ጊዜ በሁለት ዓለም፥ ይኸውም በቤተ ክርስቲያንና በሂንዱ ኅብረተ ሰብ ውስጥ ሲኖሩ፥ በመካከሉ ግጭት አይሰማቸውም ነበር። በዚህ ቃል ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ አንደኛው ዓለሙ ሁለት ነበረ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ግጭቱ ለማንም አልተሰማም ማለት ነው። ሁለቱም አጠራጣሪዎች ናቸው።

ስለ አንደኛው፥ በ849 የቬናድ ገዥ በኮላም ለነበረችው ቤተ ክርስቲያን የሰጠው፥ በመዳብ ሰሌዳ የተቀረጸው የስጦታ ጽሑፍ ይመሰክራል። የምስክሮቹ ስም በዐረብ፥ በፓህላዊና በዕብራይስጥ ፊደል ተጽፎ ይገኝበታል። ከባሕር ማዶ የመጣው ነጋዴ ሁሉ በአንድ አገር ገዥ ሥር መብትና ማዕረግ ተቀብሎ ይኖር ነበር እንጂ በሁለት ዓለም መካከል አልተከፈለም። በሠርግ ቀን ሙሽራው ለሙሽራዪቱ የሚያስርላት የወርቅ ጌጥም የአገሩ ሁሉ ልማድ ነው፤ የክርስቲያኗ የሚለየው መስቀል ስላለበት ብቻ ነው። ድንበሩን በጽሑፍ ያሰመረው ይልቁንም የጎዋው ሊቀ ጳጳስ ሜኔዝስ በ1599 በዲያምፐር የሰበሰበው ጉባኤ ነው፤ ከሂንዱዎች ጋር የሚካፈሉትን ልማድ እየለየ አውግዟልና። እንግዲህ ብራውን የአገሩ ሰው አሳብ ነው ያሉት የሁለት ዓለም አከፋፈል ከውጭ የመጣ የካህናት መስፈሪያ ነው።

በ1989 የታተመው የሱዛን ቤይሊ መጽሐፍ ይህን ጕድለት በብዙ አርሞታል። ከ1700 እስከ 1900 ያለውን ዘመን ሲመረምር፥ የሂንዱ ነገሥታት አብያተ ክርስቲያናትን እንዳከበሩ፥ ክርስቲያኖቹም ከታላላቅ ወገኖች ተቈጥረው እንደ ኖሩ ያስረዳል። የእንግሊዝ መንግሥት እንደራሴና ሚሲዮናውያን ከገቡ ወዲህም ይህ ትስስር እንዴት እንደ ላላ ያሳያል። ነገር ግን የታሪኩ ባለቤቶች በአብዛኛው ንጉሡ፥ ጦረኛውና ቅዱሱ ናቸው፤ የእርሻ አገልጋዩ ድምፅ አነስተኛ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመልሰው ግን ይህ ድምፅ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ሰሌዳ ራሱ ለቤተ ክርስቲያኒቱ ከመሬቱ ጋር የሚያገለግሉ ቤተ ሰቦችን ይሰጣል፤ የአንዱ ክብር በሌላው አገልግሎት ላይ ቆሞ ነበር። ከተናቀ ወገን የተወለደው ሰባኪ ፖይካይል ዮሐናን በቤተ ክርስቲያን ውስጥም የትውልድ ልዩነት ቢያገኘው ወጥቶ በ1909 የራሱን ማኅበር አቋቋመ፤ በመዝሙሩም የወገኑ ታሪክ በመጽሐፍ አለመገኘቱን አለቀሰ። በ1916 የወጣው የትራቫንኮር ክርስቲያኖች የውርስ ሕግ ደግሞ፥ አባት ሳይናዘዝ ቢሞት ለሴት ልጅ የወንድሟን ድርሻ ሩብ ወይም 5000 ሩፒ፥ ከሁለቱ ያነሰውን ይሰጣት ነበር። ሜሪ ሮይ ተሟግተው በ1986 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እስኪፈርድላቸው ድረስ ይህ ልማድ ጸንቶ ቈይቷል። ግጭቱ አልተሰማም የሚለው፥ እነዚህ ሁለቱ ሳይጠየቁ የተሰጠ ፍርድ ነው።

የማላንካራ ቤተ ክርስቲያን በ1965 በአዲስ አበባ በተደረገው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ መሪዎች ጉባኤ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር ስለ ተቀመጠች፥ ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ተማሪ የሩቅ አይደለም። በማላባር መከባበር መኖሩ እውነት ነው፤ ሆኖም በእኩዮች መካከል የነበረ መከባበር ነው። ወደ ፊት የሚያጠና ሰው የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ ከአገልጋዩ መዝሙርና ከሴት ልጅ የውርስ ሙግት ጋር አስተያይቶ ቢያነብ፥ ሁለቱ መጻሕፍት የተዉትን ክፍል ይሞላል።