ውሳኔዋ የት ገባ? «ኖክድ አፕ» እና ያልተስማማው ተመልካቹ

ጀድ አፓታው ጽፎ ያዘጋጀው «ኖክድ አፕ» እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ለዕይታ ሲበቃ ተመልካቹን አሳቀም አከራከረም። በ30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ከ200 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። ክርክሩ ግን ፊልሙ ከሲኒማ ቤቶች ከወረደም በኋላ አልበረደም። ይባስ ብሎ ዋናዋ ተዋናይት ኬትሪን ሃይግል፣ ፊልሙ በመጠኑ ጾታዊ አድልዎ እንዳለበት፣ ሴቶቹን ነዝናዛና ሳቅ የማያውቁ፣ ወንዶቹን ደግሞ ተጫዋችና ተወዳጅ አድርጎ እንደሣለ ለአንድ ታዋቂ መጽሔት ተናገረች።

ታሪኩ ቀላል ነው። አሊሰን በቴሌቪዥን ጣቢያ ትሠራለች። የሥራ ዕድገት ያገኘችበትን ቀን ልታከብር ወጥታ ቤን ከሚባል ሥራ ፈት ጋር ትጠጣለች፤ አብረው ያድራሉ፤ ትጸንሳለች። ቤን ድሮ በደረሰበት አደጋ ባገኘው ካሳ የሚኖር፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲያጨስ የሚውል ሰው ነው።

ፊልሙን የወደዱት ምክንያት አላቸው፤ እኔም እጋራቸዋለሁ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ልጅ ሲጠብቁ የሚይዛቸው ፍርሃት እውነተኛ ነው። የአሊሰን እህት የዴቢና የባሏ የፔት ትዳር ሌት ተቀን መነታረክ ያለበት መሆኑ ለአሊሰን የወደፊቷን ያሳያታል፤ ይህ የፊልሙ ምርጥ ሐሳብ ይመስለኛል። የምጡ ትዕይንትም ሥቃዩን ሳይሸፋፍን ቀርቧል። የሴቶቹ አሣሣል ላይ የተነሣው ቅሬታም ትክክል ነው፤ ግን ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ጥያቄ ነው፤ አሊሰን ልትወልድ የወሰነችው መቼ ነው?

ፊልሙ 129 ደቂቃ ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ እናቷ ምግብ ቤት ተቀምጣ እርግዝናውን እንድታቋርጥ ትመክራታለች፤ ከቤን ጓደኞች አንዱ «ውርጃ» የሚለውን ቃል በአፉ መጥራት አቅቶት በመሰል ድምፅ ያልፈዋል። ከዚያ አሊሰን ስልክ አንሥታ ልጁን እንደምትወልድ ለቤን ትነግረዋለች። በምክሩና በስልኩ መካከል ያለው ሐሳብ፣ ሌሊቱ፣ ሥራዋን የማጣት ሥጋቷ በቅጡ አይታይም። የቤን ለውጥ ግን ደረጃ በደረጃ ይነገረናል፤ ሥራ ይይዛል፣ ቤት ይከራያል፣ ሳያነባቸው የከረሙትን የእርግዝና መጻሕፍት ያነባል። ያረገዘችው እሷ ሆና ሳለ የሚያድገው እሱ ነው። በአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች ፊልሙን ለራሳቸው አቋም ሲጠቅሱት፣ የሴቶች መብት ተሟጋቾች ደግሞ ሲነቅፉት፣ ሁለቱም የሚጨቃጨቁት በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነበር።

አንዳንዱ «ብታቋርጠው ፊልሙ ያልቅ ነበር» ይላል። አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ኦብቪየስ ቻይልድ» ጀግናዋ እርግዝናዋን አቋርጣም የፍቅር ኮሜዲ ሆኖ ዘልቋል። በዚያው በ2007 የታየው «ጁኖ» ደግሞ ልጅቷን እስከ ክሊኒኩ በር ወስዶ፣ አስገብቶ፣ ሐሳቧን ስትቀይር ያሳየናል። መውለድን ብትመርጥም ምርጫው የእሷ መሆኑን አንጠራጠርም። ዲያብሎ ኮዲ ለዚህ የፊልም ጽሑፍ ኦስካር ተሸልማለች።

«ኖክድ አፕ»ን አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር ሆኖ ማየት ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። አሊሰን የምትኖረው እህቷ ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለች ትንሽ ቤት ነው። የአያትን ቪላዎች የሚያውቅ ሰው ሰርቪስ ቤት የምትኖር ታናሽ እህት አድርጎ ወዲያው ይረዳታል። ቀጥሎም ይጠይቃል፤ ቤተሰቡ የት አለ? ሽማግሌ የሚልከው ማን ነው? ጎረቤት ምን አለ? ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቢሆንማ ሆዷ ከመታየቱ በፊት ደረጃው ሁሉ ይሰማ ነበር። በሎስ አንጀለስ ሁለት ሰው ብቻ የሚሸከመውን ነገር እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ይሸከመዋል፤ ብዙ ሰውም ይፈርድበታል።

ሕጉም ይለያል። የወንጀል ሕጋችን (አዋጅ ቁጥር 414/1996) አንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥን በተወሰኑ ምክንያቶች ይፈቅዳል፤ ከእነዚህም መካከል በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ ጽንስ፣ የእናት ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ መውደቅ ይገኙበታል። በፈቃዷ የተኛች፣ ጤነኛና ሥራ ያላት አዋቂ ሴት በዚህ ዝርዝር ውስጥ በቀላሉ አትገኝም። በሌላ በኩል የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሕጉ ለልጁ እኩልነት ሲሰጥ የሠፈሩ አፍ ግን ዛሬም «ዲቃላ» ይላል። እንግዲህ የአያት ሰፈሯ አሊሰን ከሎስ አንጀለሷ የጠበበ መንገድና የበዛ ታዛቢ አላት፤ ለኮሜዲ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ምን ሀብት አለ?

ተመራማሪው ማይክል ቶማስ የአማርኛን ሲኒማ ሲያጠና «አስቂኝ የፍቅር ፊልም»ን ራሱን የቻለ ዘውግ አድርጎ ለይቶታል። ዘውጉ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ብዙ ሰው ሰብስቧል። ከዚያም በፊት ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ በ«ጠልፎ በኪሴ» ጠለፋን፣ በ«ያላቻ ጋብቻ» የመደብ ልዩነትን ኮሜዲ አድርጎባቸዋል። ከባድ ነገር በሳቅ ሊነገር እንደሚችል ካሳየን ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ለዛሬ የፊልም ጸሐፊዎቻችን የምለው ይህን ነው፤ ያልታሰበ እርግዝናን ስትጽፉ ሽማግሌውንም፣ ጎረቤቷንም፣ የተደናገጠውን ወንድ ልጅም አስቁን፤ ግን ልጅቷ የምትወስንበትን ሌሊት አትዝለሉት።