ከፍጻሜው ተነሥቶ የተፈረደ ልጅነት፦ የ“ስታር ዋርስ” ተመልካቾች ቁጣ ከሰሜን ወሎ ሲታይ

የገድል ጸሐፊ ልጁን የሚያገኘው ሰውየውን ካወቀ በኋላ ነው። ከወልድያ ወደ ላስታ የሚወጣ መንገደኛ ሁሉ የሚያውቀው የላሊበላ ልደት ትረካ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን ዐወቁለት አለች፤ ስሙም ከዚያ ወጣ። ገድሉ ሲጻፍ ግን ላሊበላ ነግሦ፣ አርፎ፣ ብዙ ዘመን አልፎ ነበር። ንቦቹ የመጡት ከፍጻሜው ነው ማለት ይቻላል። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድልም ሕፃኑን በተወለደ በሦስተኛው ቀን ያናግረዋል። አድማጩ ይህን ሲሰማ አይገርመውም፤ እንዲያውም ምልክት የሌለበት የቅዱስ ልጅነት ቢነበብለት ቅር የሚለው ያኔ ነው።

ፊልም ሠሪዎች ፕሪኩዌል የሚሉት፣ ዋናው ታሪክ ከታየ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ መነሻውን የሚተርክ ፊልም፣ በአሠራሩ የገድል ዘመድ ነው። ተመልካቹ መጨረሻውን በልቡ ይዞ ይገባል፤ “ምን ይሆን ይሆን?” ብሎ አይጨነቅም፤ የሚፈልገው ምልክቱን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው፣ ይህ ከፍጻሜ ተነሥቶ የማንበብ ልማድ የአዋቂዎችን ዕዳ በሕፃን ተዋናይ ትከሻ ላይ እንደሚጭን ነው። ልማዱ ደግሞ ከተመልካቹ ጋር አብሮ አይጸጸትም፤ የተቆጣው ሰው ካዘነ በኋላም ያንኑ ልጅ በዚያው ዐይን ያየዋል።

ጉዳዩን በደንብ የሚያሳየው የጄክ ሎይድ ታሪክ ነው። የጆርጅ ሉካስ፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ በ1980 እና በ1983 የወጡት ሦስቱ የ“ስታር ዋርስ” ፊልሞች ዳርዝ ቬደርን ለዓለም አስተዋውቀዋል፦ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ፣ ትንፋሹ ከመልኩ ቀድሞ የሚሰማ ገዳይ። ከ16 ዓመት ጥበቃ በኋላ፣ በግንቦት 1999፣ “ዘ ፋንተም ሜናስ” ሲወጣ ተሰልፎ የገባው ሰው ያገኘው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ኋላ ዳርዝ ቬደር የሚሆነው አናኪን ስካይዎከር በበረሃ ከተማ ከእናቱ ጋር በባርነት ይኖራል፤ የተበላሸ ማሽን መጠገን ይወዳል፤ ደስ ሲለው ይጮኻል። አናኪንን የተጫወተው ሎይድ ሲቀረጽ ስምንት ዓመቱ ነበር። ፊልሙ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ስለዚህ በልጁ ላይ የወረደው የተመልካቾች ቁጣ ከከሰረ ፊልም የመጣ አይደለም። ብዙዎቹ የተቆጡት ገንዘባቸውን ከፍለው ደጋግመው ያዩት ናቸው።

የልጁ ዕድሜ ራሱ የተመከረበት ነገር ነበር። ሉካስ መጀመሪያ ላይ አናኪንን የ12 ዓመት ልጅ አድርጎ አስቦት ነበር፤ ከእናቱ መለየቱ ይበልጥ እንዲከብድ ብሎ ወደ 9 ዝቅ አደረገው። ንግግሩን የጻፈው እሱ ነው፤ ያዘጋጀውም እሱ ነው። ከተለያዩ ቀረጻዎች የተወሰዱ የተዋንያን እንቅስቃሴዎችን በኮምፒውተር አጣምሮ አንድ ትዕይንት ያደረገውም እሱ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ የወሰነው ምን አለ?

የመለያየቱን ትዕይንት ጠጋ ብለን እንየው። ልጁ በውድድር አሸንፎ ነፃ ወጥቷል፤ እናቱ ግን ነፃ አልወጣችም። ጓዙን በጀርባው አንግቶ ከአዲሱ መምህሩ ኋላ ጥቂት ይራመድና ይቆማል። ዞሮ ሮጦ እናቱ ላይ ይጠመጠማል፤ አልችልም ይላታል፤ ዳግመኛ እንገናኝ እንደሆነ ይጠይቃታል። እሷም በርትቶ እንዲሄድ፣ ወደ ኋላም እንዳያይ ነግራ ትሸኘዋለች። ሀብሩ ውስጥ ላደገ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከቤት ሲወጣ፣ ደረሳም ኪታብ ሊቀራ ወደ የጁው ዳና ሲሄድ፣ ዕድሜው ብዙ ጊዜ ከዚህ ልጅ የራቀ አልነበረም። መምህሩ ልጁን እንጂ እናቱን አይወስድም። በዚህ ዐይን ሲታይ ሉካስ የተጠየቀውን መልሷል፤ የገዳዩ መነሻ እናቱን የማጣት ፍርሃት ነው። ምልክቱ አለ፤ ነገር ግን እንደ ንብ መንጋ የሚታይ ምልክት አይደለም፤ ማንኛውም ልጅ ያለው ፍርሃት ነው። ተመልካቹ የጠበቀው ንቦቹን ነበር።

ትወናው እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። በፊልሙ መጨረሻ ልጁ በጦር አውሮፕላን ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ከሮቦት ጋር ሲነጋገር ድምፁ ይደርቃል፤ ቃሉ ከአፉ እንጂ ከልቡ የወጣ አይመስልም። ከእናቱ ጋር ባለበት ትዕይንት ግን ያው ልጅ ፊት ለፊቱ ሰው አለና ይናገራል፣ ያዳምጣል፣ ያለቅሳል። ልዩነቱ የተሰጠው ነገር ላይ ነው። ይህን ለማየት የሲኒማ ሊቅ መሆን አይጠይቅም፤ ሳይቆጡ ሁለቱን ትዕይንቶች አከታትሎ ማየት በቂ ነው።

ታዲያ ተመልካቹ ለምን ከዳይሬክተሩ ይልቅ ልጁን ያዘ? መልሱን ለማግኘት ሎስ አንጀለስ መሄድ አያሻም። በወልድያም ሆነ በመርሳ፣ በየትኛውም የአገራችን ከተማ፣ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያደገ ትውልድ ፊልምን የሚጠራው በፊት ነው፦ የቫን ዳም ፊልም፣ የጃኪ ቻን ፊልም፣ የሻሩክ ካን ፊልም። ዋናው ገጸ ባሕርይ “አክተሩ” ነው፤ አክተሩ አይሞትም፤ ከሞተም ቤቱ ያጉረመርማል። ማን ጻፈው፣ ማን አዘጋጀው የሚል ጥያቄ እዚያ ቤት ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም፤ የስሞቹ ዝርዝር መውረድ ሲጀምር ካሴቱ ይወጣል። በአንድ ቃል ገጸ ባሕርዩም ሰውየውም ይጠራሉ። ክፉውን የሚጫወት ተዋናይ መንገድ ላይ የሚሰደበውም ለዚህ ነው። የአሜሪካው አፍቃሪ ሉካስን በስም ያውቃል፤ ሉካስንም ሰድቧል። ሲቀልድ ግን የሚቀልደው በሚታየው ፊት ነው። አዋቂ ሰው ይህን ፊት በሥራው መልሶ ሊያስከብረው ይችላል፤ የልጅ ፊት ግን ከሥራው ጋር አብሮ ያድጋል፤ ትምህርት ቤትም ይዞት ይሄዳል።

ቀልዱን በይፋ ያተሙትም ነበሩ። የዓመቱን መጥፎ ፊልም እየመረጠ የሚሳለቀው ጎልደን ራስፕቤሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ሎይድን በመጥፎ ረዳት ተዋናይነት አጨው፤ ያን ጊዜ ገና አሥራ አንድ ዓመት ቢሞላው ነው። በዚሁ ምድብ “ያሸነፈው” በዚያው ፊልም ጃር ጃር ቢንክስን የተጫወተው አሕመድ ቤስት ነበር። ቤስት በወቅቱ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ የነበረ፣ ራሱን የቻለ ጎልማሳ ነው። ሆኖም በ2018 ከልጁ ጋር የተነሣውን ፎቶ አያይዞ፣ ያ ዘመን ራሱን ለማጥፋት አስቦ ድልድይ ላይ እስከ መቆም አድርሶት እንደነበር ተናግሯል። ጎልማሳውን እዚህ ካደረሰ ልጁንስ? ጥያቄው በብዙዎች አእምሮ ውስጥ ወዲያው ይመጣል። ሎይድ በ2001 ትወናን ተወ። በ2012 በሰጠው ቃለ ምልልስ የትምህርት ቤት ሕይወቱ ሲኦል እንደነበር፣ ልጆች ባዩት ቁጥር የፊልሙን የመብራት ሰይፍ ድምፅ እያሰሙ ያላግጡበት እንደነበር፣ የፊልሙን ማስታወሻዎችም እንዳጠፋቸው ገልጿል። ኋላም የአእምሮ ሕመም አግኝቶት ሕክምና ገባ።

እዚህ ላይ የተቺዎች ብዕር ፈጠነ። “አፍቃሪዎች ያጠፉት ልጅ” የሚለው ትረካ በየጽሑፉ ተደጋገመ፤ የተጸጸተው ተመልካችም ተቀበለው። በ2024 ግን እናቱ ራሷ ቀርባ ይህን አስተባበለች። ልጇን ከኢንተርኔት አርቃው እንደነበር፣ እሱም ውጭ ብስክሌቱን እየነዳ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወት እንደነበር፣ ትወናውንም የተወው በፊልሙ ምክንያት እንዳልሆነ ተናገረች። ሕመሙ ስኪዞፍሬኒያ ነው፤ በዘር የመጣ እንደሆነና ያለ ፊልሙም ይመጣ እንደነበር ታምናለች፤ “ስታር ዋርስ”ን ልጇ ዛሬም ይወደዋል። የልጁ የ2012 ቃልና የእናቲቱ ቃል ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን መጣል ግን አያስፈልግም። ትምህርት ቤት ውስጥ መሣለቂያ መሆን በራሱ በደል ነው፤ በሽታ ስላላመጣ በደልነቱ አይቀርም። የበሽታው መንሥኤ ነው ካልን ግን የሠራነው ያንኑ የቀድሞ ሥራ ነው፦ የሰውየውን ዛሬ ይዘን ልጅነቱ ውስጥ ምልክት ፍለጋ መግባት። መጀመሪያ ዳርዝ ቬደርን ይዘው ልጁ ውስጥ ፈለጉት፤ አላገኙምና ተቆጡ። ቀጥሎ በሽተኛውን ይዘው ፈለጉት፤ አገኘን ብለው አለቀሱ። የተቆጣውም ያለቀሰውም አነባበቡ አንድ ነው።

የእናቲቱ መከላከያ ደግሞ አንድ ነገር ያስታውሰናል። ልጅን ከኮምፒውተር አርቆ ብስክሌት መስጠት በሰፊ ከተማ ዳር ይሠራ ይሆናል። መርሳ ላይ አይሠራም። እዚያ የአንድ ደቂቃ የስልክ ቪዲዮ ውስጥ የታየ ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ወሬው ኢንተርኔት አይፈልግም፣ በእግሩ ይመጣል፤ ቡና ላይ ይደርሳል። ዛሬ ልጆቻችን ፊልም ሳይሠሩም ይታያሉ። ከቪዲዮው ሥር የሚነበበውን አስተያየት የሚጽፉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አዋቂዎች ናቸው።

የአገራችን ሲኒማ በዚህ ረገድ ያሳለፈው አንድ ትምህርት ሰጪ ጠብ አለ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ “ድፍረት” በአበራሽ በቀለ እውነተኛ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ፣ በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት ወስዶ ሲመለስ፣ አዲስ አበባ ላይ በብሔራዊ ቴአትር የምረቃ ምሽቱ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ክርክሩ የታሪኩ ባለቤት ፈቃድ ላይ ነበር። የፊልሙን ዋና ገጸ ባሕርይ ሂሩትን የተጫወተችው ትዝታ ሐገሬ ገና ልጅ ነበረች፤ ሙግቱ ግን በሠሪዎቹ ላይ እንጂ በእሷ ላይ አልሆነም። ጠቡ ከባድ ነበር፤ የሄደው ግን ወደሚመለከተው ሰው ነው። በተከታዩ ዓመት ካን ላይ የታየው የያሬድ ዘለቀ “ላምብ”ም በሬድያት አማረ ትከሻ ላይ የቆመ ፊልም ነው፤ ልጁ ግን ማንም አስቀድሞ የሚያውቀውን ሰው አልተጫወተም፤ ምልክት የሚጠይቀውም አልነበረም።

ሕጋችን እስከ የት ይደርሳል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይገድባል። መልካም ነው። ነገር ግን በዘጠኝ ዓመቱ ካሜራ ፊት የሚቆም ልጅ በዚህ ሕግ ዐይን ሠራተኛ ሊሆን ስለማይችል፣ ለወጣት ሠራተኛ የተሰጠው ጥበቃ እንኳ አይደርሰውም። በአሜሪካም ከ1939 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ሕግ የልጅ ተዋናይን ገንዘብ ከወላጆቹ እጅ ይጠብቃል፤ ከተመልካች አፍ አይጠብቀውም፤ ሊጠብቀውም አይችልም።

ልጁን ከተመልካች አፍ መጠበቅ የተቺዎች ሥራ ነው። ጎልደን ራስፕቤሪ በ2023 የ12 ዓመቷን ራያን ኪየራ አርምስትሮንግን አጭቶ ከተወገዘ በኋላ ስሟን ሰርዞ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነን ሰው ዳግመኛ ላለማጨት ደንብ አወጣ። ሎይድ ከታጨ 23 ዓመት አልፎ ነበር። በአማርኛ ስለ ፊልም የምንጽፍ፣ የምንዳኝና የምናስተምር ሰዎች ያን ያህል መዘግየት የለብንም። ሕፃን የተወነበትን ሥራ ስንነቅፍ በመጀመሪያው አንቀጽ የጸሐፊውንና የአዘጋጁን ስም እንጥራ፤ የተበላሸውንም እነሱን እንጠይቅ።