«ይስጥዎ» እና «ይስጥልኝ»

የሠፈሬ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሠፈሬ መካኒሳ ነው፤ ንፋስ ስልክ ላፍቶ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉ። ኪሴን ዳበስኩ። አንዲት ድፍን ሁለት መቶ ብር አለች፤ ዝርዝር የለም። (ሁለት መቶ ብር ገበያ ይዘዋት ሲወጡ የትም አታደርስም። ለመስጠት ሲሆን ግን እንዴት ትበዛለች!) «እግዜር ይስጥዎ አባባ» አልኩና አለፍኩ።

«አሜን» አሉኝ።

ልብ በሉልኝ፣ «አሜን» ነው ያሉኝ፤ ያውም ከልባቸው። «የለኝም» ብላቸው ዝም ይሉኝ ነበር። «አልሰጥም» ብላቸው ይቀየሙኝ ይሆናል። የከለከልኳቸው በምርቃት ስለሆነ ግን ክልከላዬን ራሱን አሜን ብለው ተቀበሉት። ያን ዕለት ምሳ አልበላልህ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ ደህና አድርጌ በልቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ጋደም ስል ነው ያቺ ቃል ትመላለስብኝ የጀመረችው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና የማይለቅ በሽታ አለብኝ። ዓረፍተ ነገር ሲነገረኝ ባለቤቱን ካላገኘሁት እንቅልፍ አይወስደኝም። ተማሪዎቼንም «ባለቤቱ ማነው? አድራጊው ማነው?» እያልኩ አሰልችቼአቸዋለሁ። እስቲ «እግዜር ይስጥዎ»ን እንደዚያ እንያት። ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው። ግሡ «ይስጥ»፤ የሦስተኛ መደብ ትእዛዝ። ተቀባዩ እርስዎ፣ ሽማግሌው። እኔስ? እኔ የለሁም። ተናጋሪው እኔ ሆኜ፣ ሁለት መቶ ብሯም እኔ ኪስ ውስጥ ሆና፣ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ግን ደብዛዬ የለም። ሽማግሌውን ከእግዚአብሔር ጋር አገናኝቼ እንደ ደላላ ዞር ብያለሁ። ደላላ እንኳ ነገሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

አሁን ደግሞ እህቷን እንያት፤ «እግዜር ይስጥልኝ»ን። ያው እግዜር ነው፣ ያው «ይስጥ» ነው። ልዩነቱ ጭራዋ ላይ ያለችው «ልኝ» ናት። በእኔ ፈንታ፣ ስለ እኔ ማለት ነው። «አመሰግናለሁ» ያለ ሰው ተናግሮ ተገላገለ። «ይስጥልኝ» ያለ ሰው ግን «ውለታህ እኔ ከፍዬ የምጨርሰው አይደለም፤ ዕዳው የኔ ነው፣ አቅሙ ግን ከኔ በላይ ነውና እሱ ይክፈልልኝ» እያለ ነው። እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እኔ አለሁ። ባለዕዳ ሆኜም ቢሆን አለሁ። (ለለማኝም «ይስጥልኝ» ብሎ የሚያልፍ አለ። እሱ ደግሞ የባሰበት ነው፤ ዕዳውን አምኖ መጥፋቱ ነው።)

በእግዚአብሔር መታመን የምንለው ነገር በሁለቱ ቃላት መካከል የወደቀ ይመስለኛል። በአንደኛው እሱን አምኜ እጄን እዘረጋለሁ፤ በሌላኛው እሱን አሳብቤ እጄን እሰበስባለሁ። ሲነገሩ ግን አንድ ናቸው። ከንፈር ላይ ማን ይለያቸዋል? ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ የተራበውንና የታረዘውን ወንድም በሰላም ሂድ፣ ይሙቅህ፣ ጥገብ ብሎ የሚሸኘውን ሰው የሚሸነቁጠው ያለ ነገር አይደለም። ያን ሰው አውቀዋለሁ። መካኒሳ ነው የሚኖረው።

እንዳልሳሳት ግን አንድ ነገር ልበል። «እሱ ያውቃል» የምትለዋን ቃል ሰበብ ናት ብዬ ጨርሶ የምጥላት አይደለሁም። በቀይ ሽብር ልጇን የወሰዱባት እናት፣ በባድመ ጦርነት የቀረባት፣ በቅርቡም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት ስልክ ተቋርጦ ወሬው እንኳ የጠፋባት እናት «እሱ ያውቃል» ስትል ሌላ ምን ትበል? የምትሰጠው የላትም፣ የምትሄድበት የላትም፣ የምትከሰው የላትም። ለሷ ቃሉ ራሷን የምታስደግፍበት ግድግዳ ነው። ያን ግድግዳ በሰዋስው ምሳር የሚቆርጥ ሃያሲ እጁ ይሰበር። እኔ የምናገረው የሚሰጠው ነገር ይዞ ቃሉን ስለሚናገረው ሰው ነው።

በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ የዚህ ነገር ትልቁ ምሳሌ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሁላችንም የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር እያነሳን እናለቅሳለን፤ የነገሩ ስር ግን ስእለት ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው ከሞት ቢተርፍላቸው ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ይሳላሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እንዲያውም በመጽሐፉ ውስጥ ከሚወደዱት ናቸው። እምነታቸውም እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከፋዩ ማነው? እነሱ ተሳሉ፣ ልጁ ከፈለ። ይህን በክፍል ሳስተምር ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ፊታውራሪ መሸሻን ነበር የሚወቅሱት። ፊታውራሪው የሚገባቸውን አላጡም። እኔን ግን ከኝህ ደጋግ ወላጆች ይልቅ የሚያስፈራኝ የለም፤ ምክንያቱም እኔን የሚመስሉት እነሱ ናቸው።

ዘመኑ ያመጣው ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ። በየአዳራሹ «ተቀበል!» ይባላል፣ «ተቀበልኩ!» ይመለሳል። መኪና ይቀበሉታል፣ ቪዛ ይቀበሉታል፣ ቤት ይቀበሉታል። እዚህ ላይ «እኔ» በደንብ አለ፤ የሚሠራው ግሥ ግን አንድ ብቻ ነው። የኛም ቤት ንጹሕ አይደለም። ባለሥዕለቱ ጃንጥላ ሲያስገባ እልል የምንለውን ያህል፣ የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ በወቅቱ መክፈሉን የጠየቀ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ከዚህ ከመካኒሳ ሳልወጣ የማነሳው አንድ ጽሑፍ አለ። የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ እዚሁ መካኒሳ ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ግን የጎረቤቱን መጽሐፍ የማያነብ አስተማሪ ምን ይባላል? የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. በዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን በኩል ለውጭ ረጂዎች የጻፈችው ደብዳቤ አለ። ርእሱ በግርድፉ ስለ ወንጌል ስብከትና ስለ ሰው ልማት ግንኙነት የሚል ነው። ብዙ ሰው ሲሰማው ቤተ ክርስቲያኒቱ ስብከት ብቻ ይበቃል በሚሉ ላይ የተነሳች ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ረጂዎቹ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለእርሻ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለሰባኪ ማሠልጠኛ ሲሆን ግን እጃቸው ያጥራል። ቤተ ክርስቲያኒቱ፣ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብላችሁ ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ብቻ አትርዱብን፣ ሰው አንድ ነው ስትል መለሰች። እንደ ጽሑፍ ደብዳቤው ደረቅ ነው፤ ኮሚቴ የተቀመጠበት ይመስላል፤ ለቋንቋው ብዙ ማርክ አልሰጠውም። ሐሳቡ ግን ከዚህ ከኛ በር ላይ ጉዳይ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። ፈረንጆቹ ዳቦውን ሰጥተው ምርቃቱን ከለከሉ፤ እኔ ደግሞ ምርቃቱን ሰጥቼ ዳቦውን ከለከልኩ። ሁለታችንም ሽማግሌውን ለሁለት ቆርጠናቸዋል።

በዚያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ደርግ ደጋግሞ አሠራቸው። የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻችተውላቸው ነበር፤ ምእመኖቼን ጥዬ አልሄድም አሉ። ከዳሬ ሰላም ሆነው «እግዜር ይጠብቃችሁ» ብለው መጻፍ ይችሉ ነበር፤ ማንም አይፈርድባቸውም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተወሰዱ፣ ተገደሉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። የቄሱ አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው።

እኔ እዚያ ደረጃ ልድረስ አልልም፤ ማንም ሰውም እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ሲወጣ ሰማዕት እንዲሆን አይጠየቅም። ስለዚህ ቀረብ ወዳለው ልምጣ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በወሎ ረሃብ ዘመን ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄዱ። የያዙት የመንገድ ዳቦና ጠበል ነበር። ያንኑ ለተራቡት አካፈሉ። ከሞተች እናቷ አጠገብ የተገኘች ሕፃን አዩ። «እግዜር ያሳድግሽ» ማለት እኮ ይቻላል፤ ግሸን ላይ ደግሞ ምርቃት ይሰምራል። ወይዘሮ አበበች ግን አንስተው አዲስ አበባ ይዘዋት መጡ፣ ሌላም ልጅ ጨመሩ፣ በዓመት ውስጥ ልጆቹ ከሃያ በላይ ሆኑ። ቤተሰብ አልወደደላቸውም፤ ትዳራቸውም በዚሁ ፈረሰ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሲያርፉ ስንት ሺህ ሰው «እናቴ» እያለ እንዳለቀሰ ያየ ያውቀዋል። ስለ እሳቸው ሲወራ «እግዚአብሔር መረጣቸው» ይባላል። ይሁን፤ እኔ ግን ይህም አባባል ትንሽ ይጠረጥረኛል። እሳቸውን መረጠ ስንል እኛን አልመረጠንም ብለን ለማረፍ እንዳይሆን።

የራሴን ሳልናገር ብጨርስ ግን ጽሑፌም «ይስጥዎ» ይሆናል።

በሰኔ 2008 ዓ.ም. በክፍለ ከተማችን በሐና ማርያም በኩል ሕገ ወጥ ናቸው የተባሉ ቤቶች በብዛት ፈረሱ። ሕጋዊ ነበሩ አልነበሩም የሚለው ክርክር የዛሬ ርእሴ አይደለም። ክረምት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ የምታጥብልን ሴት እዚያ ነበር ቤቷ። በዚያ ቅዳሜ አርፍዳ መጣች፤ ነጠላዋ በስብሷል። «ጋሼ፣ ቤቴ ፈረሰ» አለችኝ። ፍራሿን ላስቲክ አልብሳ ሰው ቤት በር ላይ አኑራለች፤ ልጆቿን ለአንድ ዘመዷ ሰጥታለች። እኔም ያንኑ አልኳት፤ «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጽናቱን ይስጥሽ»። «አሜን ጋሼ» አለች። ከዚያ ያንን ሁሉ ልብስ አጠበች። የኔን ሸሚዞች ጭምር።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለች። መጻሕፍቴን ያከማቸሁባት ናት፤ እግሩ የተሰበረ አንድ ወንበርም አለ። ያን ሌሊት ዝናቡ የክፍሏን ቆርቆሮ ሲደበድብ ሰማሁት። ሰማሁትና የመጻሕፍቱን ነገር አሰብኩ፤ ወደ የት ይሄዳሉ? እርጥበት አይስማማቸውም። ደግሞ አንዴ ሰው ከገባ መቼ ይወጣል? ልጆቿ ስንት ናቸው? ሁሉም የማያሳፍር ጥያቄ ነው፤ ተራ በተራ ሲጠየቅ።

ባለቤቴ ምንም አልተናገረችኝም። ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስመለስ መጻሕፍቱ ሳሎን ውስጥ ተቆልለዋል፤ ክፍሏ ተጠርጋ ክፍት ናት። ለሴትየዋ ደወልን፤ ስልኳ ዝግ ነው። በማግስቱም ደወልን። ቅዳሜ አልመጣችም፤ በሚቀጥለውም። ያለችበትን የሚያውቅ ሰው ጠየቅን፤ አንዱ ፉሪ ናት አለን፣ ሌላው አገሯ ገብታለች አለን።

መጣች፤ ለመስቀል ሰሞን። ፉሪ አንድ ክፍል ተከራይታለች፤ ኪራዩን ለሁለት ሆነው ነው የሚከፍሉት። ባለቤቴ ክፍሏን አሳየቻትና ያለ ኪራይ እንድትገባ ለመነቻት። ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አየች፤ ግድግዳው ላይ መደርደሪያዬ የነበረበት ቦታ እስካሁን ነጭ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ጎንበስ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለች።

ምስጋና ይሁን እንቢታ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ነጠላዋን አጣፋች፣ ልብስ ወደተዘፈዘፈበት ሄደች። እኔ ያልኩት «አሜን» ነው።