«መዳብ ተሸካሚ» ስለሚለው አቻ ቃል

ለ«ሴሩሎፕላዝሚን» «መዳብ ተሸካሚ ፕሮቲን» የሚል አቻ ሲሰጥ ቃሉ ለዛ አለው፤ ለጆሮም አይጎረብጥም። ይሁን እንጂ የሙያ ቃል የሚመዘነው በለዛው ብቻ ሳይሆን አንባቢውን በሚያደርስበት ፍቺ ጭምር ነው።

ሆልምበርግና ላውሬል እ.ኤ.አ. በ1948 ስያሜውን ሲሰጡ የተነሡት ከፕሮቲኑ ሰማያዊ ቀለም እንጂ ከተግባሩ አልነበረም። «ተሸካሚ» የሚለው ግን በሁለት ወገን ያሳስታል። አንደኛ፥ በዊልሰን በሽታ የፕሮቲኑ መጠን አብዛኛውን ጊዜ በዴሲሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ይወርዳል፤ አቻውን ብቻ የሚያነብ ሰው «ተሸካሚው ካነሰ መዳቡም አንሷል» ብሎ ይደመድማል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ጉበት መዳቡን ከፕሮቲኑ ጋር ማዋሐድና በሐሞት ማስወገድ ስለሚሳነው መዳቡ በጉበትና በአንጎል ይከማቻል። ሁለተኛ፥ በዘር ውርስ ጥናት «ተሸካሚ» የሚባለው ሳይታመም እንከን ያለበትን ዘረ መል የያዘ ሰው ነው፤ በእርሱም ደም ፕሮቲኑ ዝቅ ሊል ይችላል። «በተሸካሚው ደም ተሸካሚው አንሷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንን ያስረዳል?

ስለዚህ «ሴሩሎፕላዝሚን» እንዳለ ይወሰድ፤ መጀመሪያ ሲጠቀስም «መዳብ ያለበት ሰማያዊ የደም ፕሮቲን» ተብሎ ይፈታ። ምርመራውም «የመዳብ ምርመራ» አይባል፤ በደም ውስጥ ያለው መዳብ ራሱ የሚለካበት ሌላ ምርመራ አለና። የተውሶ ቃል መቀበል ነውር አይደለም፤ ያልታረመ ትርጉም ግን መዳብ የበዛበትን ሕመምተኛ መዳብ ጨምሮ እንዲወስድ ሊገፋፋው ይችላል።